ዓሣው ዝም ሲል፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና በዝግታ በሚፈሱ ወንዞች ውስጥ የሚኖረው አፈ ሰፊው የባስ ዓሣ፣ በመንጠቆ ማጥመድን ለሚወዱ ሰዎች ከፍተኛ ግምት የሚሰጠው ዓሣ ነው። አጥማጆቹ ገና ጎህ ሲቀድ ጀልባቸውን ውሃው ላይ ያሳርፋሉ፤ መንጠቆአቸውን ወርውረውም ይጠብቃሉ። አንዳንድ ጧት ግን ሰዓታት ያልፋሉ እንጂ መንጠቆውን የሚነካ ዓሣ አይገኝም። በዚህ መሐል ነፋሱ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ከሩቅም ጉርምርምታ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ዓሣው ስለ ምን ዝም አለ? ሰውየውስ እስከ መቼ ሊቆይ ይችላል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከብዙ አጥማጆች የሚሰማው መልስ «የአየር ግፊቱ ተለውጦ ነው» የሚል ነው። መልሱ ሳይንሳዊ ይመስላል። ባስ በሰውነቱ ውስጥ በጋዝ የተሞላ የመንሳፈፊያ ከረጢት አለው፤ ጋዝ ደግሞ ግፊት ሲቀንስለት ይሰፋል፣ ሲጨምርበት ይጨመቃል። ነገር ግን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በባሕር ጠለል ላይ አማካይ የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። አንድ ብርቱ የአየር ለውጥ ይህን ግፊት በ20 ሄክቶፓስካል ቀነሰው እንበል። ውሃ ከአየር እጅግ የሚከብድ በመሆኑ፣ በየ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ያ ሁሉ የአየር ለውጥ ለዓሣው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ከመዋኘት አይበልጥም። ባስ ትናንሽ ዓሦችን ሲያሳድድ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ በቅጽበት ይወጣል፣ ይወርዳልም። እንግዲህ ግፊት ብቻውን የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋል ማለት ያስቸግራል።

ይበልጥ የሚያሳምኑት ምክንያቶች ከግፊቱ ለውጥ ጋር አብረው የሚመጡት ናቸው። ባስ በውሃ ሣርና በሰመጡ ግንዶች መካከል አድፍጦ የሚያድን ዓሣ ስለሆነ፣ የብርሃን መጨመርና መቀነስ አደኑን ይነካዋል። የሰውነቱ ሙቀት የውሃውን ሙቀት ስለሚከተልም፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ የምግብ መፍጨት ሂደቱ ይዘገያል፤ የሚያስፈልገውም ምግብ ይቀንሳል። ባሮሜትሩ የእነዚህ ለውጦች ምስክር እንጂ መንሥኤ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ቀዝቃዛና ከባድ አየር እርጥበት ካዘለ ሞቃት አየር ሥር ሲገባ ሞቃቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። የሚወጣው አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ በውስጡ ያለው ተን ወደ ውሃ ጠብታና ወደ በረዶ ይለወጣል። በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙላት ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክፍል ፖዘቲቭ፣ የታችኛው ኔጋቲቭ ይሆናል። ልዩነቱ ሲበረታ መብረቅ ይወርዳል። የመብረቁ መንገድ ሙቀት 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል።

በገላጣ ሐይቅ ላይ በጀልባ የቆመ ሰው በአካባቢው ከሁሉ የረዘመው ነገር እርሱ ነው። በእጁ የያዘው የካርቦን ዘንግም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2006 እስከ 2019 በመብረቅ ከሞቱት 418 ሰዎች መካከል 40ዎቹ ዓሣ በማጥመድ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ከመዝናኛ ተግባራት ሁሉ ይህን ያህል ሰው ያለቀበት የለም።

ታዲያ አጥማጁ ለምን ይዘገያል? ተስፋው ስለሚያስረው ነው። ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ ግዛት 10 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ባስ አጥምዶ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ማናቡ ኩሪታ በጃፓን የቢዋ ሐይቅ የሚስተካከለውን ዓሣ እስኪያወጣ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ 77 ዓመታት አለፉ። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «አንድ ጊዜ ብቻ ልወርውር» ቢል አይገርምም። መብረቅ ግን ከዝናቡ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊወርድ ይችላል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ በየ3 ሰኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 30 ሰኮንድ ቆይቶ የተሰማ ነጎድጓድ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አደጋው ከሚደርስበት ክልል አይወጣም። በአጭሩ፣ ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስ ይችላል። መጠለያውም ዛፍ ሥር ሳይሆን ጽኑ ቤት ወይም የብረት ጣሪያ ያለው ዝግ መኪና ነው፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል።

ይህ ጉዳይ የአሜሪካ አጥማጆች ብቻ አይደለም። በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የጣና ሐይቅ በደንገል ታንኳ የሚያሰግሩ ወገኖቻችን በክረምት ከሰዓት በኋላ ተመሳሳይ ሰማይ ይገጥማቸዋል። ለእነርሱ ማስገር መዝናኛ ሳይሆን የዕለት እንጀራ ነው፤ ባዶ እጅ መመለስም ለቤተሰቡ ጉድለት ነው። በዚያ አካባቢ ያደጋችሁ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ ብልጭታውን አይቶ ሰኮንድ የመቁጠርን ዘዴና የ30 ደቂቃውን ሕግ ለቤተሰባችሁ ብታስረዱ፣ በክፍል የተማራችሁት ፊዚክስ ከፈተና ወረቀት አልፎ ሰው ያድናል።