የልማት ሠራተኛው እንደተማረው ያስተምራል

አረርቲ፤ በሞጆ በኩል ወደ ምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ የሚጓዝ ሰው ዋና ከተማዋን አረርቲን ከማየቱ በፊት ማሳዋን ያያል። ስሙ በየገበያው የሚጠራው የምንጃር ጤፍ፣ ስንዴው፣ ምስሩና ሽምብራው የሚበቅለው በዚሁ ማሳ ላይ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1999 ከለቀቃቸው የነጭ ሽምብራ ዝርያዎች አንዱ «አረርቲ» ተብሎ መሰየሙ፣ ከተማዋና ሰብሉ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳያል።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን የሚያተኩረው በዘሩ ላይ አይደለም። ዘሩን ይዞ ወደ ገበሬው የሚሄደው የልማት ሠራተኛ ራሱ እንዴት ይማራል? የሚል ጥያቄ ለማንሣት ነው። ጥያቄው የኮሌጅ መምህራን ብቻ ይመስላል። ይሁንና የኮሌጁ ማስተማሪያ ዘዴ ጉድለት ቢኖረው ኪሳራው የሚወድቀው በገበሬው ጎተራ ላይ ነው።

ደብተሩና ማሳው

እኔ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በልማት ሠራተኛነት በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት የደረሰው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ አዛውንት ገበሬ ዘንድ ሄጄ የሽምብራ መዝሪያ ጊዜ መድረሱን ነገርኳቸው። እርሳቸው ጎንበስ ብለው ከዋልካው አፈር ጨበጥ አደረጉና «ልጄ፣ መሬቱ ገና ነው፤ ውኃውን አልጨረሰም» አሉኝ። እኔም «የለም አባቴ፣ ቀኑ እንዳያልፍብዎ ይዝሩ» አልኩ። ቀኑ በደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር።

አዛውንቱ ከመሬታቸው ግማሽ ጥማድ የሚሆነውን ዘሩ። ከሳምንት በኋላ የዘነበው ዝናብ ማሳው ላይ ተኛ፤ ዘሩም በሰበሰ። እርሳቸው አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። ዘሩ ግን የወጣው ከእርሳቸው ቤት ነበር፤ የእኔ ደመወዝ አልጎደለም።

በኮሌጅ ሳለሁ የሽምብራን መዝሪያ ጊዜ የሚጠይቀውን ፈተና በሙሉ ማርክ ነው ያለፍኩት። መምህሩ ያነባሉ፣ እኛ እንጽፋለን፤ በፈተና ዕለት የጻፍነውን እንመልሳለን። ሽምብራ በተረፈ እርጥበት የሚበቅል ሰብል መሆኑን አውቃለሁ። ቢቸኩሉ ውኃ የተኛበት ዘር እንደሚበሰብስ፣ ቢዘገዩ ደግሞ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ እርጥበት እንደሚያጥረው በቃሌ እወጣዋለሁ። የማሳውን እርጥበት በእጄ ጨብጬ «ደርሷል፣ አልደረሰም» ማለትን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ጥናቶች ምን አገኙ?

ይህ ችግር የአገራችን ብቻ እንዳልሆነ በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቻቸው በዩኒቨርሲቲ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ትምህርት ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አሰባስበው መርምረዋል። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል ከ100 ተማሪዎች 34 ያህሉ ሲወድቁ፣ ተማሪው እየጠየቀ፣ እየተወያየና እየሠራ በተማረበት ክፍል የወደቁት 22 ያህል ሆነው ተገኝተዋል።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ለልማት ሠራተኛ በቀጥታ ይጠቅማል። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ ተደረገ። ሌላውን ጽሑፍ ደግሞ ዘግተው ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን የበለጠ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን ብቻ ሲያስታውሱ፣ ዘግተው ከጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። ከዚህ የምንረዳው፣ ነገር የሚጸናው ደጋግሞ በመስማት ሳይሆን ከራስ ፈልጎ በማውጣት መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናትም ልብ ሊባል ይገባዋል። እየሠሩ የተማሩት በፈተና በልጠው ሳለ፣ «ምን ያህል የተማራችሁ ይመስላችኋል?» ሲባሉ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ግምት ሰጡ። ጥሩ ተናጋሪ ሲያስተምር አድማጩ ያወቀ ይመስለዋል። ራሱ ሲሠራ ግን ስሕተቱን ስለሚያይ የከበደው ይመስለዋል። ስለሆነም የሥልጠናን ጥቅም «ወደዳችሁት ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ መመዘን ያሳስታል።

በአገራችን የተሞከረው

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ግብርና ትምህርት ሲጀመር ማሳውና ክፍሉ አልተለያዩም ነበር። ከአሜሪካው ኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር እ.ኤ.አ. በ1952 በተደረገው ስምምነት የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና የግብርና ኤክስቴንሽንን በአንድነት እንዲይዝ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የሚያስተምረው አንድ ወገን፣ ከገበሬው ጋር የሚውለው ሌላ ወገን ሆነ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ በዚያው በዓለማያ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ትምህርት ነው። በሳሳካዋ ድርጅት እርዳታ የተከፈተው ይህ መርሐ ግብር፣ ቀደም ሲል በ1993 በጋና ኬፕ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ የነበረ ነው። ተማሪዎቹ በሥራ ላይ የነበሩ የልማት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ የሚያሳድጉ ናቸው። ልዩ የሚያደርገውም የተወሰነውን ትምህርት በክፍል ከተከታተሉ በኋላ ወደ ሥራ ቦታቸው ተመልሰው፣ ከገበሬው ጋር ሆነው አንድ ችግር መርጠው ለወራት እንዲሠሩበት መደረጉ ነው። መምህሩም እስከ ማሳው ድረስ ሄዶ ሥራቸውን ይመለከታል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ማሳውን የሚያየው ተማሪው ብቻ ሳይሆን መምህሩም ነው።

ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከ60 ሺህ በላይ የልማት ሠራተኞችን በዲፕሎማ አስመርቀዋል። ለየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቅዶ የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጥናት፣ እነዚህን ሠራተኞች በንድፈ ሐሳብ በኩል ጥሩ መሠረት ያላቸው፣ በእጅ ሥራና ከገበሬ ጋር በመግባባት በኩል ግን ጉድለት ያለባቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሎችም የመሣሪያና የሥራ ማስኬጃ እጥረት እንዳለባቸው ጥናቱ አመልክቷል።

በአንድ ከረጢት ሕያው ማዳበሪያ

ንድፈ ሐሳብና እጅ ሲለያዩ ምን እንደሚደርስ ለሽምብራ የሚሰጠው ሕያው ማዳበሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ዱቄት ከሽምብራው ሥር ጋር እየኖሩ ናይትሮጂንን ከአየር ለሰብሉ የሚያቀርቡ ጥቃቅን ተህዋስያን ያሉበት ነው። ዘሩ በስኳር ውኃ ይረጥብና በጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር ይታሻል፤ ሳይውል ሳያድር ተዘርቶ አፈር ይለብሳል። ፀሐይ ከመታው ተህዋስያኑ ይሞታሉ። ገበሬው ገንዘቡን የከፈለው ለሞተ ዱቄት ይሆናል ማለት ነው።

ይህን አንድ ሰዓት ሙሉ በንግግር ማስረዳት ይቻላል። ሆኖም ከሚናገሩት ይልቅ ሁለት እፍኝ ዘር በጥላ፣ ሁለት እፍኝ በፀሐይ አሽቶ ለየብቻ መዝራት፣ ካበበ በኋላም ሥሩን ነቅሎ እብጠቶቹን ከገበሬዎቹ ጋር መቁጠር ይሻላል። ከመካከሉ ሲሰነጠቅ ቀላ ያለው እብጠት በሥራ ላይ ያለ ነው። ይህን በእጁ ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አስታዋሽ አያስፈልገውም።

ትምህርቱ ከገበሬው ወደ ባለሙያውም እንደሚሄድ መርሳት አይገባም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ፣ ገበሬው ከነቤተሰቡ የዋልካውን አፈር በእጁ እየዛቀ ሰፊ መደብና ቦይ በመሥራት ውኃውን ከማሳው ማስወጣት ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ይህን የሚያህል ዕውቀት ባለበት አገር ለተማሪው ተናግሮ መሄድን ብቻ ማስተማር ጉዳት ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉትን ማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፣ ኮሌጆች የልማት ሠራተኛ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ አንድ ሰብል ከዘር እስከ አጨዳ በራሱ እጅ እንዲያበቅል፣ ማርኩም ከዚያ እንዲሰጠው ቢያደርጉ። ሁለተኛ፣ መምህራን በየዓመቱ የተወሰነ ጊዜ በገበሬ ማሳ ላይ እንዲውሉ ቢደረግ። ሦስተኛ፣ በሥራ ላይ ያለን የልማት ሠራተኞችም አዲስ ነገር ከመንገራችን በፊት «ባለፈው ስንገናኝ ያየነው ምን ነበር?» ብለን ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲያስታውሱ ብናደርግ። ይህ የመጨረሻው በጀት አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል።

በዓመቱ ወደ እኚያ አዛውንት ማሳ ስመለስ ደብተሬን በቦርሳዬ ትቼ «አባቴ፣ መሬቱ መድረሱን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከአፈሩ ዘግነው በእጄ ላይ አደረጉልኝና «ጨብጠው» አሉኝ። ጨበጥኩት፤ ከመዳፌ ጋር ተጣበቀ። «እንዲህ ሲሆን ገና ነው» አሉኝ። ከስድስት ቀን በኋላ ተመልሼ ስጨብጠው እየተፈረፈረ ከጣቶቼ መካከል ወረደ። በዚያኑ ዕለት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዘሩን ከሕያው ማዳበሪያው ጋር አብረን አሸነው፤ ከዚያም ዘሩት።