በሮድስ ግንብ ላይ የተቀረጸው የሀገራችን ስም

ወዳጆቼ፣ የግሪኳን ደሴት የሮድስን ፎቶዎች ከለጠፍኩ ወዲህ "ከየት ልጀምር? ምን ልይ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አቴንስ ያላችሁት ደግሞ ከፒሬየስ መርከብ ተሳፍራችሁ መሄድ ስለምትችሉ ጥያቄያችሁ በዝቷል። ለየብቻ ከምመልስ የሄድኩበትን መንገድ እዚሁ ልጻፈው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

አሮጌው ከተማ ከ1988 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አስጎብኚዎች "ከመካከለኛው ዘመን ሳይነካ የቆየ ከተማ" ይሉታል። ውብ መሆኑ እውነት ነው፤ "ሳይነካ" የሚለው ግን አይደለም። የመጣው ገዢ ሁሉ የፊተኛውን እያፈረሰ፣ እየቀየረ፣ እንደገና እየገነባ ነው ዛሬ ላይ የደረሰው። ስለዚህ በየግድግዳው ፊት ቆም ብላችሁ "ይህን ማን ሠራው? ከእርሱ በፊት እዚህ ማን ይኖር ነበር? የት ሄደ?" ብላችሁ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ያለዚህ ጥያቄ የምታዩት ድንጋይ ብቻ ነው።

በዳምቧዝ በር ግቡ። ከ1512 ነው፤ ሁለት ወፋፍራም ክብ ማማዎች ግራና ቀኝ ቆመውለታል። ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ ቅጥሩን የከበበው ጥልቅ ደረቅ ቦይ ይታያችኋል። በሩን አልፋችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ የታላቁ አለቃ ቤተ መንግሥት ይገጥማችኋል። አለቃው የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች አለቃ ነው። እነዚህ ሰዎች መነኮሳትም ወታደሮችም ነበሩ፤ በኢየሩሳሌም ሕሙማንን በማስታመም ጀምረው ቅድስት ሀገርን ሲያጡ ወደ ቆጵሮስ ተሻገሩ፤ ከዚያ መጥተው ሮድስን በ1309 ገደማ ያዙ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ገዝተዋታል።

ይሁን እንጂ ፊታችሁ የቆመው ግንብ አብዛኛው የእነርሱ ሥራ አይደለም። በ1856 መብረቅ በአቅራቢያው ያለውን የቅዱስ ዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን መታና ከሥሩ የተከማቸው ባሩድ ፈነዳ። ብዙ መቶ ሰው አለቀ፤ ቤተ መንግሥቱም ፈራረሰ። ዛሬ የምናየውን ከ1937 እስከ 1940 የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። ደሴቲቱን በ1912 ከቱርኮች ነጥቀው ነበር፤ ግንቡን ያደሱትም ለንጉሣቸውና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን አስበው ነው። ወለሉን ያስጌጡበትን ጥንታዊ ሞዛይክ ከጎረቤት ደሴት ከቆስ ነቅለው አመጡት። የሜዱሳ ራስ ያለበት ክፍል ውስጥ ቆማችሁ ስታዩት ጥቃቅኑ ድንጋይ ሁሉ በቀለም በቀለሙ ተሰካክቶ ፊቷን ሕያው አድርጎታል። ያ ወለል ግን የተሠራው ለሌላ ደሴት፣ ለሌላ ቤት ነበር።

አሁን ወደ መግቢያው ልመልሳችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እዚያ ያለ የድንጋይ ሰሌዳ ነውና። ብዙ ቱሪስት ቲኬት ይዞ ስለሚቸኩል ያልፈዋል። በጣልያንኛ ነው የተቀረጸው። ግንቡን ያሳደሰው የሮድስና የአካባቢዋ ደሴቶች ገዢ ቼዛሬ ማሪያ ዴ ቬኪ መሆኑን ይገልጻል፤ ዘመኑንም በንጉሡ በቪቶሪዮ አማኑኤል ሣልሳዊ ማዕረግ ይቆጥራል፦ የጣልያንና የአልባንያ ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት። ከሥሩ 1940 ይላል፤ የፋሺስት ዘመን 18ኛ ዓመት መሆኑንም በሮማውያን ቁጥር ጨምሮበታል።

ሳነበው ደሜ ፈላ። ያ ድንጋይ ሲቀረጽ አርበኞቹ እነ በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ፣ እነ አበበ አረጋይ ሸዋ ውስጥ ጠላትን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእኛው ንጉሠ ነገሥት አዲስ አበባ ገቡ። ዴ ቬኪም ለእኛ ቀጠና እንግዳ ሰው አልነበረም፤ ከ1923 እስከ 1928 የጣልያን ሶማሊያ ገዢ ሆኖ የሰሜኑን ሱልጣኔቶች በጦር ያስገበረ እርሱ ነው። ግሪኮች ደሴቲቱን በ1947 ከተረከቡ በኋላም ሰሌዳውን አላነሱትም። መተዋቸው ትክክል ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ምስክር ከተነሣ "ኧረ እንዲህ አላልንም" ማለት ይቀላል። ከልጆቻችሁ ጋር ከሄዳችሁ እዚያ አቁማችሁ አስነብቧቸው፤ የአርበኞቹን ታሪክም እዚያው ንገሯቸው።

ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል የሚወርደው የፈረሰኞች ጎዳና ነው፤ 200 ሜትር ያህል ይሆናል። ቀጥ ያለበት ምክንያት አለው። ከተማዋ በ408 ከክርስቶስ ልደት በፊት ስትቆረቆር መንገዶቿ እንደ ገበታ መስመር የተቀየሱ ስለነበሩ ፈረሰኞቹ በጥንቱ መንገድ ላይ ነው ቤታቸውን የሠሩት። በየሀገራቸው "ልሳን" እየተባሉ በስምንት ይከፈሉ ነበር፤ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ፣ ጣልያን፣ እንግሊዝና ሌሎቹም። እያንዳንዱ ልሳን የራሱ ማደሪያ፣ በጦርነት ጊዜም የሚጠብቀው የራሱ የቅጥር ክፍል ነበረው። ከሁሉ የሚያምረው የፈረንሳዮቹ ማደሪያ ነው፤ በሩ ላይ የተቀረጹትን ጋሻዎች ቀረብ ብላችሁ እዩዋቸው። ቱርኮች እዚህ ሲኖሩ በየፎቁ ከእንጨት የተሠራ ወጣ ያለ ሰገነት ጨምረው ነበር። ጣልያኖች ጎዳናውን ሲያድሱ የፈረሰኞቹ ዘመን ብቻ እንዲታይ ብለው አነሱት። የዚያን ሰፈር የአራት መቶ ዓመት ኑሮ ዛሬ ጎዳናው ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ታች ስትደርሱ የፈረሰኞቹ ሆስፒታል አለ፤ በ1440 ተጀምሮ በ1489 ያለቀ ሲሆን አሁን የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው። ግቡ። ፎቅ ላይ ያለው ረጅሙ የሕሙማን አዳራሽ በመሐሉ በተደረደሩ ዓምዶች ለሁለት ይከፈላል፤ ለጦርነት የተፈጠረ የሚመስለው ማኅበር ሥራውን ከምን እንደጀመረ የሚገባችሁ እዚያ ነው።

የቱርኮቹ ሱልጣን ሱሌይማን ከተማዋን በ1522 ስድስት ወር ከበበና ፈረሰኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ፈቅዶ ተረከባት። በሶቅራጥስ ጎዳና ጫፍ ያለው መስጊድ በስሙ ይጠራል፤ አሁን ያለው ሕንፃ ግን በ1808 እንደገና የተሠራ ነው። ጎዳናው ራሱ የሱቅ ግርግር ብቻ ስለሆነ አትቆዩበት። ከዚያ ይልቅ ይህን አስቡ፦ ከ1522 በኋላ ግሪኮቹ ከቅጥሩ ውጭ እንዲኖሩ ተደረገ፤ ቀን ገብተው ይሠራሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣሉ። በቅጥሩ ውስጥ እንዲያድሩ የተፈቀደላቸው ቱርኮችና አይሁዶች ነበሩ።

በአይሁዶቹ ሰፈር ጊዜ ውሰዱ። መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከቤት ወደ ቤት የተዘረጉት የድንጋይ ቅስቶች በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ግድግዳዎቹ እንዲደጋገፉ የተሠሩ ናቸው። ካሃል ሻሎም የተባለው ምኩራብ ከ1577 ነው፤ ግሪክ ውስጥ አገልግሎት ከሚሰጡት ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። ወለሉ ከጥቁርና ከነጭ የባሕር ጠጠር በሥርዓት የተነጠፈ ነው። ጎኑ ያለው ትንሽ ሙዚየም ውስጥ የሰፈሩን ሰዎች ፎቶግራፎች ታያላችሁ፤ ከስፔን ከተባረሩት አባቶቻቸው የወረሱትን የስፓኒሽ ዝርያ ቋንቋ የሚናገሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1938 የጣልያን የዘር ሕግ በዚያው በዴ ቬኪ አስተዳደር ተጫነባቸው። ጣልያን እጅ ከሰጠች በኋላ ጀርመኖች ደሴቲቱን ያዙ፤ በጁላይ 1944 ከ1,600 በላይ ሰዎችን ሰብስበው በጀልባ ወደ ፒሬየስ፣ ከዚያም በባቡር ወደ አውሽቪትዝ ላኳቸው። በሕይወት የተረፉት 150 ያህል ብቻ ናቸው። የቱርክ ቆንስል ሰላሐቲን ኡልኩመን "እነዚህ የቱርክ ዜጎች ናቸው" ብሎ ተከራክሮ ከ40 በላይ ሰዎችን አስቀርቷል። በአይሁድ ሰማዕታት አደባባይ ያለው ጥቁር የመታሰቢያ ድንጋይ የሮድስንና የቆስን 1,604 ሟቾች ያስባል። ዙሪያው ካፌ ነው፤ እባካችሁ ድንጋዩን ሳታነቡ እንዳትቀመጡ።

ለጉዞው የሚያስፈልጋችሁ፦ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጉ፤ የጎዳናዎቹ ጠጠር ቀጭን ሶል ያለው ጫማ አድርጎ የሚሄድን ሰው እግር ያሳምማል፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል። የክሩዝ መርከብ ሰዎች ሳይወርዱ በማለዳ ጀምሩ፤ በበጋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም። ቤተ መንግሥቱና ሙዚየሙ ቲኬት አላቸው፣ ቦዩ ውስጥ መራመድ ግን በነፃ ነው፤ በየቦታው የከበባው ዘመን የድንጋይ የመድፍ ጥይቶች ተጥለው ታያላችሁ። የሰሌዳውን ፎቶ የጠየቃችሁኝ ከዚህ ጽሑፍ ሥር አያይዤዋለሁ።