ገበቴው በምን ተቀባ?

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲትም ሆነ በሌላ ገበያ የዋንዛ ገበቴ ወይም ወንበር ስንገዛ ዓይናችን የሚያርፈው በብልጭታው ላይ ነው። መጠየቅ የሚገባን ግን «በምን ተቀባ?» ብለን ነው።

ቫርኒሽ ለወንበርና ለቁም ሣጥን ይስማማል፤ ማንኪያና ቢላዋ በሚፍቀው ገበቴ ላይ ግን ይላጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መርዛማ ነገር ስላለበት ምግብ የሚነካ ዕቃ ፈጽሞ አይቀባበትም። ቅቤ ደግሞ አይደርቅም፤ ይሻግታል። ለገበቴ የሚበጀው ምንም ያልተቀላቀለበት የተልባ ዘይት ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራልና። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ዘይቱን በስሱ ቀብተን ትርፉን እንጥረገው። የመጀመሪያው ሳይደርቅ አንደግመውም፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። የጠረግንበትን ጨርቅ ደጅ ዘርግተን እናድርቀው፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ሻጭ ወንድሞቻችንም ስንጥቅን በቀለም ከመሸፈን ይጠንቀቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥቡ ከሥር ተደብቆ እንዳገኙትና ድርጊቱን እንዳወገዙ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ጉድለቱ ተነግሮ የተሸጠ ዕቃ ለሻጭም ለገዥም በረካ አለው። ወላሁ አዕለም።