ጊታር ለጀመራችሁ እህቶች፦ ቲዎሪው መቼ ይጀመር?

በዕረፍት ቀናችን ጊታር ለመማር ከምንሰበሰበው መካከል አንዲት እህታችን በሦስተኛው ሳምንት «ይህ ለተማረ ሰው እንጂ ለእኔ አይሆንም» ብላ ቀረች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አንድ ኮርድ እንኳ አጥርታ ሳትይዝ አዮኒያን፣ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን እያልን የ7ቱን ሞዶች ስም እንድትሸመድድ ያደረግናት እኛው ነን።

ፈቃድ ተገኝቶ ከቤት የምንወጣባት ሰዓት ጥቂት ናት። ስለዚህ ምን ከምን እንደሚቀድም ማወቅ ይጠቅመናል።

መጀመሪያ እጅ ይልመድ። ጂ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ማይነር የሚባሉትን 4 ኮርዶች ያዙ። ማታ የቤቱ ሰው ሲተኛ ክሩን ሳትመቱ የግራ እጃችሁን ከኮርድ ወደ ኮርድ ማለማመድ ትችላላችሁ። ውኃና ሳሙና ያለሰለሰውን ጣት ክሩ ቶሎ ስለሚያሳምመው፣ እጃችሁ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጀምሩ።

ምቱ ሳይቋረጥ 2 ወይም 3 መዝሙር ማጀብ ስትችሉ የቲዎሪው ጊዜ ደርሷል። ጥያቄውም ራሱ ይመጣል። ለምሳሌ በጂ የምትጫወቱት መዝሙር ለዘማሪዋ ድምፅ ከፍ አለባት እንበል። ከጂ ተነሥታችሁ ብትቆጥሩ ጂ 1ኛ፣ ሲ 4ኛ፣ ዲ 5ኛ ናቸው። ወደ ዲ ዝቅ ስታደርጉት ደግሞ 1ኛው ዲ፣ 4ኛው ጂ፣ 5ኛው ኤ ይሆናል። መዝሙሩ ያው ነው፤ መነሻው ብቻ ተለወጠ። ይህን የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ የሌላውን እጅ እያየ ይኖራል።

ሞዶች ከዚህ በኋላ ይምጡ። ለእነርሱም ጆሯችን ከአገር ቤት ተዘጋጅቶ መጥቷል። ክራር ደርዳሪ መሣሪያውን አስቀድሞ በቅኝቱ ይቃኛል። ጊታር ላይ ግን 12ቱም ድምፆች ስላሉ የቅኝቱን 5 ድምፆች መርጠን ማውጣት ያለብን እኛ ነን። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ተጫወቱና ዶ ላይ እረፉ፤ ትዝታ ሜጀርን ትሰማላችሁ። እነዚያኑ 5 ድምፆች ከላ ጀምራችሁ ላ ላይ ስታርፉ ባቲ ማይነር ይሆናል። ድምፆቹ አልተለወጡም፤ ማረፊያቸው ተለወጠ እንጂ። ሞድ ማለትም ይኸው ነው። በ7ቱ ድምፆች ከዶ እስከ ዶ አዮኒያን፣ ከሬ እስከ ሬ ዶሪያን ይባላል።

ያቺን እህታችንን ይቅርታ ጠይቀን መለስናት። በዚያ ቀን ስም አላስጠናናትም። ትዝታ እንድታንጎራጉር ጠየቅናትና 5ቱን ድምፆች በአንድ ክር ላይ አብረን ፈለግናቸው። አገኘቻቸው። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» አለች። ከእናንተም መካከል በዚሁ ምክንያት ጊታሯን ያስቀመጠች ካለች፣ እባካችሁ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ይዛችኋት ኑ።