ስለ ፒክአፕ አውቶሞቢል ጎማ፤ በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ከፍ ያለ ጎማ ለመግጠም አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው

የእርሻ ሥራ በማረሻና በበሬ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ዘር በወቅቱ ከገበሬው ደጃፍ ካልደረሰ፣ ማዳበሪያው ክረምቱ ሳይገፋ ካልተከፋፈለ፣ የከብት ሐኪሙም መድኃኒቱን ይዞ በሽታው ከገባበት ቀበሌ በቶሎ ካልተገኘ፤ የበሬው ድካምና የገበሬው ላብ ከንቱ ይቀራል። ይህን ሁሉ በዛሬው ጊዜ ከሚያደርሱት መሣሪያዎች አንዱ፣ ከፊት ሰው ከኋላ ዕቃ የሚጭነው ፒክአፕ የሚባለው አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ የዚህ አውቶሞቢል ነገር የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፤ የአገር አስተዳዳሪ፣ የወረዳ ሹምና የእርሻ ባለቤት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ፒክአፓቸው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ጎማ አውልቀው፣ ቸርኬውን ግን ሳይለውጡ፣ ከፍ ያለና ሰፊ ጎማ ይገጥሙበታል። ምክንያቱን ሲጠየቁ ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛው፣ በክረምት የመረሬው ጭቃ፣ በበጋም የመንገዱ ድንጋይ የአውቶሞቢሉን ሆድ እንዳይነካው ከፍ ለማድረግ ነው። ሁለተኛው ለግርማ ሞገስ ነው። ሁለተኛውን ለየባለቤቱ ፈቃድ እንተወውና፣ ስለ አንደኛው ግን ይህን እንናገራለን፤ ነገሩ በልክ ከተደረገ ይጠቅማል፤ ያለ ልክ ከተደረገ ግን ትልቁ ጎማ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል። ለበቅሎ ከሰኮናዋ የሚሰፋ ጫማ ቢመታላት እርምጃዋ እንደሚበላሽ፣ አውቶሞቢልም እንዲሁ ነው።

1ኛ፤ የጎማውን ቁጥር ስለ ማንበብ

ልኩን ለማወቅ አስቀድሞ በጎማው ጐን የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ለአስረጅነት በአገራችን የታወቀውን ቶዮታ ሂሉክስ እንውሰድ። በ2007 ዓ.ም. ለዓለም የታየው ስምንተኛው የሂሉክስ ዓይነት፣ በብዙዎቹ ላይ 265/65 አር 17 የተባለ ጎማ፣ ስፋቱ 7 ኢንች ተኩል በሆነ ቸርኬ ላይ ተገጥሞለት ይመጣል።

የመጀመሪያው ቁጥር 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው 65 የጎማው ግድግዳ ከፍታ ከስፋቱ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ይኸውም 172 ሚሊሜትር ያህል ነው። «አር» የሚለው ፊደል የጎማው ክር የተዘረጋበትን አሠራር ያመለክታል። 17 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ቁመት በኢንች ሲሆን፣ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ 432 ሚሊሜትር ይሆናል። ከላይና ከታች ያለውን ግድግዳ ብንደምርበት ጠቅላላ ቁመቱ 776 ሚሊሜትር ነው።

በዚሁ ስሌት 265/70 አር 17 የተባለው ጎማ 803 ሚሊሜትር፤ 285/70 አር 17 የተባለው ደግሞ 831 ሚሊሜትር ይቆማል። የመጀመሪያው ከፋብሪካው ጎማ በመቶ 3.4፣ ሁለተኛው በመቶ 7 ይበልጣል። ነገር ግን አውቶሞቢሉን ከመሬት የሚያነሣው የጭማሪው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከመሐሉ በላይ ይቀራልና። ስለዚህ የመጀመሪያው ጎማ የሚያተርፈው 13 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛውም 27 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለት ጣት የማይሞላ ማለት ነው። ገንዘቡን ከማውጣት በፊት ይህን ትርፍ ከመንገዱ ጕድጓድ ጋራ ማስተያየት ይገባል።

2ኛ፤ ስለ ቸርኬው ልክ

ጎማ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ጎማ የሚስማማውን የቸርኬ ስፋት ከስንት እስከ ስንት እንደ ሆነ በመጽሐፋቸው ያስታውቃሉ። 265/70 በ7 ኢንች ተኩል ቸርኬ ላይ በደኅና ይቀመጣል። ለ285/70 ግን 7 ኢንች ተኩል ከሚፈቀደው ሁሉ ጠባቡ ነው፤ ከዳር ላይ ቆመ ማለት ነው። ከዚያ የሚሰፋውን፣ ለምሳሌ 315/70ን፣ በዚህ ቸርኬ ላይ እንዲገጠም አይፈቅዱም።

በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ የተገጠመ እንደ ሆነ፣ ጐኖቹ ወደ ውጭ ይነፋሉ፤ መርገጫውም እንደ እንቁላል ይከብባል። በዚህ ጊዜ መካከሉ ብቻ መሬት እየረገጠ ሳይዘገይ ይላጫል፤ መሪውም በመታጠፊያ ላይ ይዋዥቃል። ጎሚስታው በአየር ኀይል አስገድዶ ስለ ገጠመው ብቻ ጎማው ተስማማ አይባልም።

ስፋቱ ከ265 ወደ 285 ሲያድግ በውስጥም በውጭም 10 ሚሊሜትር ይጨምራል። በውጭ በኩል ያለው ፓራፋንጎውን፣ በውስጥ በኩል ያለው የመሪውን ክንድ ወይም ሻንሲውን ሊነካ ይችላል። ይህን ለማስቀረት ሲሉ በቸርኬውና በመሐሉ መካከል ማስፊያ ቀለበት የሚያስገቡ አሉ። ቀለበቱ ጎማውን ወደ ውጭ ባወጣው መጠን በመሐሉ ኵሽኔታና በቡሎኖቹ ላይ የሚወርደው ሸክም ስለሚበረታ፣ ለሥራ አውቶሞቢል አይመከርም።

3ኛ፤ ስለ ፍሬንና ስለ ዳገት

ጎማ በረዘመ ቍጥር ሞተሩ እርሱን ለማዞር የበለጠ ይደክማል። ቁመቱ በመቶ 7 የጨመረ ጎማ፣ በእያንዳንዱ ማርሽ መሬቱን የሚገፋበትን ኀይል በመቶ 6 ተኩል ያህል ይቀንሳል። በሜዳ ብዙም አይታወቅም፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን ሾፌሩ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ሲቀንስ፣ ፍሪሲዮኑም ሲሸት ይታወቃል።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። የሾፌሩ እግር በዚያው ብርታት ቢረግጥ፣ ፍሬኑ መሬት ላይ የሚይዝበት ኀይል በዚያው መጠን ያንሳል፤ በዚህም ላይ ከባዱን ጎማ ከመሽከርከር ማቆም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያርፍ ሲሠራ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም ይከዳል። በዚያ ስፍራ ከመቶ ስድስት እጅ ኀይል ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከኋላ በሳጥኑ ላይ የተቀመጡት ነፍስ ያላቸው ናቸውና።

4ኛ፤ ስለ ፍጥነት መለኪያውና ስለ ጉዞ መዝገብ

ይህ ክፍል በተለይ መዝገብ ለሚመረምሩ ሹማምንት የተጻፈ ነው። አውቶሞቢሉ መንገዱን የሚቈጥረው በጎማው ዙር ነው። ጎማው ሲያድግ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቈጣሪው ግን እንደ ቀድሞው ይቈጥራል። በትክክል ያሳይ የነበረ መለኪያ ጎማው በመቶ 7 ካደገ በኋላ 80 ሲያሳይ፣ እውነተኛው ፍጥነት በሰዓት 86 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመቆም የሚያስፈልገውም ርቀት በዚህ ብቻ በመቶ 14 ያህል ይረዝማል። እርግጥ ነው፣ ፋብሪካዎች መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ብለው ጥቂት ከፍ ያደርጉታል፤ ትልቁ ጎማ ግን ይህን መጠባበቂያ ይበላዋል።

በነዳጅም በኩል የሚመጣ በደል አለ። አንድ አውቶሞቢል በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር እንበል። ትልቁ ጎማ ከተገጠመ በኋላ 2140 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ፍጆታው ባይጨምር እንኳ 214 ሊትር ይፈጃል። ቈጣሪው ግን 2000 ኪሎ ሜትር ብቻ ያሳያል። መዝገቡን የሚመረምረው ሹም ለ2000 ኪሎ ሜትር የሚገባው 200 ሊትር ነው ብሎ 14ቱን ሊትር ከሾፌሩ ይፈልጋል፤ ሾፌሩም ያልሰረቀውን ይከሰሳል። እንዲሁም በየ10000 ኪሎ ሜትር ዘይት የሚለወጥለት ሞተር፣ ቈጣሪው 10000 ሲል በእውነት 10700 ሄዷል። ስለዚህ ጎማ በተለወጠ ጊዜ ቀኑንና የአዲሱን ጎማ ቁጥር በአውቶሞቢሉ መዝገብ ላይ መጻፍና ስሌቱን ማስተካከል የፍርድ ጉዳይ ነው።

5ኛ፤ ስለ ጭነት

ከስሕተቶች ሁሉ የሚከፋው፣ ጎማው ስላደገ የጭነቱም መጠን አደገ ብሎ ማሰብ ነው። የአውቶሞቢሉ ጭነት የሚወሰነው በሻንሲው፣ በባሌስትራው፣ በመሐሉና በፍሬኑ ነው፤ እነዚህ ደግሞ አልተለወጡም። አንድ ቶን እንዲጭን የተሠራ ፒክአፕ ከ10 ኩንታል አይበልጥም፤ ሰውም ከጭነቱ ጋራ ይቈጠራል። እንዲያውም ትልቁ ጎማ ራሱ የከበደ ስለ ሆነ ካለው ላይ ይቀንሳል።

በጎማው ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ጎማ የሚሸከመውን ያመለክታል፤ ለምሳሌ 112 ማለት 1120 ኪሎ ግራም ነው። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው ያነሰ ቁጥር ያለው እንደ ሆነ መመለስ ይገባል። ደግሞም ለጭነት ታስቦ የተሠራው ጠንካራ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከፍ ያለ ንፋስ ሊፈልግ ይችላልና፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የንፋስ ልክ ለአዲሱ ጎማ በቂ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ የጎማ ሠሪው ሠንጠረዥ ይጠየቃል። ንፋሱም ጎማው ሳይሞቅ ማለዳ ይለካል።

6ኛ፤ ጎማው ሲገዛና ሲገጠም

ጎማው ሲገዛ የተሠራበት ቀን ይታይ። በጐኑ ከተጻፉት አራት ቁጥሮች የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ዓመቱ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። 2324 የሚል ከተገኘ በአውሮፓ የ2024 ዓመት 23ኛው ሳምንት፣ በእኛ የ2016 ዓ.ም. የግንቦት ወር መጨረሻ ነው።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ አውቶሞቢሉ ተጭኖ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ተጠምዝዞ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይነዳ። ከዚያም አንዱ የፊት ጎማ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይታይ። የተፋቀ ምልክት የተገኘ እንደ ሆነ ጎማው ልኩ አይደለም። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ተራ በእኩል ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም እንደ ገና ይፈተሹ።

አራቱም ጎማዎች፣ እስኮርታ የሚባለውም መጠባበቂያ ጭምር፣ አንድ ልክ ይሁኑ። በሂሉክስ ላይ የአራቱ እግር ጕልበት ሲገባ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ይያያዛሉ፤ የጎማዎቹ ቁመት የተለያየ ከሆነ በጠንካራ መሬት ላይ ማርሹ እርስ በርሱ እየተጓተተ ይሰበራል። ትልቁም እስኮርታ ከሳጥኑ ሥር ካለው ስፍራ መግባቱ ከመግዛት በፊት ይለካ።

7ኛ፤ ምን ይሻላል?

በመረሬ አገር አውቶሞቢልን የሚያስረው ብዙ ጊዜ የጎማው ማነስ ሳይሆን የጥርሱ መሙላት ነው። ጭቃው በጠባብ ጥርስ መካከል ሲጠቀጠቅ ጎማው እንደ ተላጨ ይሆናል። ስለዚህ በፋብሪካው ልክ፣ ጥርሱ የተራራቀና ጥልቅ የሆነ ጎማ መግዛት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመከር ነው፤ ፍሬኑን፣ ቈጣሪውንና ማርሹን አይነካምና። በክፉ ስፍራም ንፋሱን ጥቂት ቀንሶ በዝግታ ማለፍ የጎማውን እርግጫ ያሰፋዋል። ነገር ግን ወደ ደኅና መንገድ እንደ ወጡ መልሶ መንፋት ግዴታ ነው፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል።

ከዚህ በላይ ያስፈልጋል የተባለ እንደ ሆነ፣ በ7 ኢንች ተኩል ቸርኬ ላይ 265/70 አር 17 ልከኛው እርምጃ ነው። 285/70ን የሚመኝ ግን ከዳር ላይ መቆሙን ዐውቆ፣ ዳገትና ቁልቁለት በሌለበት፣ ጭነቱም ቀላል በሆነበት ስፍራ ካልሆነ ባይሞክረው ይሻላል። የአውቶሞቢሉ ልክ ከዚህ የተለየ ከሆነም ስሌቱ በራሱ ቁጥር ይደረግ። ለመድን ሰጪውም ለውጡን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ ብልህነት ነው።

ክቡራን ሹማምንት፤ የመንግሥት አውቶሞቢል የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በላዩ የሚሳፈረው ሰው ደግሞ ከገንዘብ ይበልጣል። የጎማ ግዥ ጥያቄ በጽሕፈት ቤታችሁ በቀረበ ጊዜ፣ የቸርኬው ስፋት ስንት ነው፣ የጎማው ቁመት በመቶ ስንት ይጨምራል፣ የሚሸከመውስ ክብደት ስንት ነው ብላችሁ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ። መልሱ በቁጥር ካልተሰጠ ፊርማችሁ ይቆይ። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዳሉ፣ ለጎማም ከመግጠም መለካት ይቅደም።