ማርሚታው ሲተኩስ፦ ከሮላ እስከ አዲስ አበባ

ዕድሜ የጠገበ መኪና ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ «ጧ! ጧ!» እያለ በማርሚታው ይተኩሳል። መንገደኛው ይደነግጣል፣ ባለመኪናው ያፍራል። ጋራዥ ሲደርስም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ካርቡራተሩ አብቅቶለታል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ምትኩ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ወይም ሻርጃ ያለ ዘመድ ይደወልለትና ከከተማዋ ሮላ ሰፈር ብዙም በማይርቀው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካሉት የአሮጌ መለዋወጫ ሱቆች ገዝቶ እንዲልክ ይለመናል። ዕቃው ይመጣል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ግን መተኮሱን አይተውም። ካርቡራተሩ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ቢሆንም መመርመር ያለበት መጨረሻ ላይ ነውና።

ለመሆኑ የሚተኩሰው ምንድን ነው? ካርቡራተር አየር በጠባብ ጉሮሮው ሲያልፍ ቤንዚን እንዲስብ አድርጎ ሁለቱን ይቀላቅላል። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው ቃጠሎው የተሟላ ይሆናል። ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል ከቀረ ግን የጭስ ቫልቮላው ሲከፈት እንዳለ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። እዚያ በጋለ ቱቦ ውስጥ ኦክስጅን ካገኘ ባንዴ ይነድዳል፤ ድምፁ ያ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ አየርና ሙቀት። ምርመራ ማለት ቤንዚኑ ለምን ሳይቃጠል እንዳለፈ፣ አየሩስ በየት እንደገባ መፈለግ ነው።

የዛሬ ዘመን መኪና እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይቆርጣል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ነዳጅ መስጫው የሚከፍተው የካርቡራተር በር ሲዘጋ ሞተሩ በኃይል ይምጋል፤ ቤንዚኑም በሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩን በሚያሠራው፣ ቀዳዳ መፍሰሱን ይቀጥላል። አሮጌ መኪና ቁልቁለት ላይ የበለጠ የሚተኩሰው በዚህ የተነሳ ነው።

ጎበዝ መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው «ከፊት ነው ከኋላ?» ነው። በካርቡራተሩ በኩል ወደ ላይ የሚያስነጥስ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ያነሰው ወይም የእሳቱ ጊዜ የተዛባበት ነው። ከኋላ የሚተኩሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው «መቼ?» የሚለው ነው። ነዳጅ ሲለቀቅ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማርሚታ ቀዳዳና ወደ ሚኒሞ ያመራል፤ ነዳጅ ሲሰጥና ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ እሳቱና ወደ ቫልቮላው።

ነዳጅ ሲለቀቅ ለሚተኩስ መኪና መጀመሪያ የሚታየው ማርሚታው ራሱ ነው። በጭሱ ምት መካከል ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ለቅጽበት ይወርዳል፤ የተበላ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ካለ በዚያች ቅጽበት ንጹሕ አየር ይስባል። ፍተሻው ወጪ የለውም። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይነሳና አንድ ሰው የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰኮንድ ይዘጋል፤ ሌላው ከቴስታታው ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ያዳምጣል። መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ቢቀባ አረፋው ቦታውን ያሳያል።

ማርሚታው ደህና ከሆነ የሚከተለው ከካርቡራተሩ በታች የሚገባ ትርፍ አየር ነው። የደረቀ የቫኪዩም ጎማ ወይም የላላ የካርቡራተር ብሎን ድብልቁን ያሳሳዋል። የሳሳ ድብልቅ ደግሞ አንዳንዴ ሳይቀጣጠል ያልፋል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ እያደረጉ የሞተሩን ድምፅ መስማት ይበቃል፤ ሲቆነጠጥ ሞተሩ የሚረጋጋበት ጎማ ጥፋተኛው ነው። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ መፈለግ ግን እሳት ያስነሳል።

ነዳጅ ሲሰጥ የሚተኩስ መኪና ደግሞ መጀመሪያ በእሳት በኩል ይመረመራል። እሳቱን የሚቆጣጠረው ፑንቲና ክፍተት ለላዳም ለቮልስም 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ፑንቲናው ሲበላ ወይም ኮንደንሰሩ ሲደክም እሳቱ ይሳሳል፣ የእሳቱም ጊዜ ይዛባል። ከዘገየ ቃጠሎው ሳያልቅ የጭስ ቫልቮላው ይከፈትና እሳቱ ወደ ቱቦው ይዘልቃል። የካንዴላ ገመዶች ቅደም ተከተልም መታየት አለበት። ላዳ 1-3-4-2፣ ቮልስ 1-4-3-2፣ በኤምሬትስ በረሃም በኢትዮጵያ ገጠርም ስሙን ያስጠራው አሮጌው ላንድ ክሩዘር ኤፍጄ40 ደግሞ 1-5-3-6-2-4 ነው። ሁለት ገመድ ከተለዋወጠ ጥሩው ካርቡራተር እንኳ መተኮሱን አያስቆመውም።

ካንዴላው ሲወጣ ቀለሙ ይመሰክራል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጤና ነው፤ ጥቀርሻ የለበሰ ጥቁር ቤንዚን እንደበዛ፣ ነጭ ደግሞ እንዳነሰ ያሳያል። አንዱ ካንዴላ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ያኔ የቫልቮላው ክፍተት ይለካል። ለላዳም ለቮልስም ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ የጠበበ የጭስ ቫልቮላ አጥብቆ አይዘጋም፤ እየተቃጠለ ይሄድና እሳት ያሾልካል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው የካርቡራተር ተራ። እዚህ ላይ ሮላና አዲስ አበባ ይለያያሉ። ሮላ ከባሕር ጠለል በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ክብደት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ካርቡራተር ግን አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ለባሕር ዳርቻ የተሰላውን ቤንዚን ይቀዳል፤ ድብልቁም ከአስር እጅ አንድ እጅ ያህል በቤንዚን ይወፍራል። ከሻርጃ መጥቶ አዲስ አበባ የተገጠመ ካርቡራተር ካንዴላ የሚያጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው የቤንዚን ቀዳዳዋን በአነስተኛ መተካትና ሚኒሞውን ሞተሩ ሞቆ እንደገና ማስተካከል ነው። በተቃራኒው ለአዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ አየሩ እየከበደ ድብልቁ ይሳሳል፣ እግርም ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቷል፤ ማርሚታው ለመተኮስ የሚመቸው ጊዜ ነው።

የቫኪዩም መለኪያም እንደ ከፍታው ይነበባል። ጤናማ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ ከ9 እስከ 13 መሆኑ በሽታ አይደለም።

በሮላ በኩል ያለው ፈተና ሙቀትና አሸዋ ነው። በበጋው የሻርጃ ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ የቆመ መኪና ካርቡራተር ውስጥ ያለው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ሞተሩ ይፈስሳል፤ ሲነሳ ታፍኖ ከዚያ የሚተኩስ መኪና ችግሩ ይህ ሊሆን ይችላል። አሸዋ የደፈነው የአየር ማጣሪያ ድብልቁን ያወፍራል፣ ሙቀቱም የቫኪዩም ጎማዎችን ቶሎ ያሰነጥቃል። በባሕረ ሰላጤው በኩል ማጣሪያና ጎማ ቀድመው መታየታቸው ተገቢ ነው።

መተኮሱ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲደጋገም የማርሚታውን ስፌት ይቀድዳል፣ ቫልቮላ ያቃጥላል፣ ቤንዚን ያባክናል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ያሉትን አሮጌ መኪኖች በጤና ማቆየት ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ መኪናው የሚተኩስበት አንባቢ ወደ ሻርጃ ከመደወሉ በፊት መካኒኩን ማርሚታውን፣ ጎማዎቹን፣ እሳቱንና ቫልቮላውን መጀመሪያ እንዲያይለት ይጠይቅ፤ ካርቡራተር መግዛት ካለበትም መኪናው የሚነዳበትን ከተማ ከፍታ ለሻጩ ይንገር።