ስለ ዘር ጎተራ፤ በጉርድ ሾላና በየካ ስለሚጠበቀው ዘር

ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ባያከማች ኖሮ፥ የግብጽ ሕዝብ በሰባቱ የራብ ዓመታት ባለቀ ነበር። ነገር ግን ዮሴፍ ያከማቸው ለመብል የሚሆን እህል ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያሉት ጎተራዎች የሚጠብቁት ግን ዘርን ነው። የሚበላ እህል ቢታጣ ከሌላ አገር ይገዛል፤ ዘሩ ፈጽሞ የጠፋ እንደ ሆነ ግን በወርቅም አይመለስም።

ከነዚህ ጎተራዎች አንዱ ከቦሌ ወገን በጉርድ ሾላ፥ በዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ ይገኛል። ይህ ቤት በ1974 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ስለ አፍሪካ ከብት እንዲመረምር ተቋቋመ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ናይሮቢ ከነበረው የከብት በሽታ መርማሪ ቤት ጋራ ተዋሕዶ የዛሬውን ስም ያዘ። በጎተራው ከብዙ አገር የተሰበሰበ 18,000 ያህል የከብት መኖ ዘር ናሙና አለ። ክረምት ሲወጣ በደጋው መስክ የሚያብበው የአገራችን ማገትም ከዚያ ይገኛል።

የአጠባበቁም ሥርዓት እንዲህ ነው። ዘሩ ተበጥሮ በሚገባ ይደርቃል፤ እርጥበት በማያስገባ ከረጢት ታሽጎም በብርድ ቤት ይቀመጣል። ለረጅም ዘመን የሚቀመጠው ውኃ ከሚረጋበት ብርድ እጅግ በባሰ ብርድ ውስጥ ነው። በየጊዜውም ጥቂት ፍሬ ወጥቶ መብቀሉ ይፈተናል፤ የመብቀል ኀይሉ የደከመ እንደ ሆነ በማሳ ተዘርቶ ይታደሳል። ዝሆኔ ሣር ግን በአገዳው ቁራጭ የሚተከል ስለ ሆነ፥ በማሳ ላይ ሕያው ሆኖ ይጠበቃል። ቡናም ፍሬው ደርቆ ብዙ ዘመን ስለማይቆይ፥ በጅማ ወገን በጮጬ በተክልነቱ እንዲኖር ተደርጓል።

የሰው መብል የሆነው እህል ዘር ደግሞ በየካ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይጠበቃል። ይህ ቤት በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ ተመሠረተ። ከመሩት ሰዎች አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ፥ ዘር በብርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ በማሳው ላይ መጠበቅ እንዳለበት በተግባር ስላሳዩ፥ በ1989 በስዊድን አገር ታላቅ ሽልማት ተሰጣቸው።

የአገራችን ዘር ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከባዕዳን ዘንድም ታውቋል። የመስኮቡ ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስንዴና ገብስ ሰበሰበ፤ ከዓለም የእህል ምንጮችም አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በኋላም በካሊፎርኒያ የገብሱን ማሳ ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ በሽታውን የሚቋቋም ኀይል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያን ገብስ የዘራው ገበሬ ለሩቅ አገር መድኀኒት ማቆየቱን አላወቀም ነበር።

እኛ ራሳችንስ? በ2010 ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ፥ በሰፊው ተዘርቶ የነበረው ኩብሳ የተባለው ስንዴ ተመታ። ስለዚህ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ ተተክቶ ተስፋፋ። በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ተነሥቶ ዲገሉን አጠፋው። በዚህ ምክንያት ምርጥ ዘር ሊነቀፍ አይገባውም፤ ምርትን አብዝቷልና። ጉዳቱ የመጣው አንድ ዓይነት ዘር ብቻ አገር ሙሉ በመዘራቱ ነው። የቤት በር ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ከሆነ፥ ሌባው ያን ቁልፍ ባገኘ ቀን ቤቱን ሁሉ ይዘርፋል።

ስለዚህ አገር የሚያስተዳድርም፥ ወረዳ የሚጠብቅም፥ ሰፊ መሬት የያዘም ሰው ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። አንደኛ፥ ምርጥ ዘር ሲታደል ወረዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ብቻ እንዲዘራ አለማዘዝ፤ ገበሬው ከማሳው ጥቂቱን ለአባቱ ዘር እንዲተው መምከር። ሁለተኛ፥ በግዛቱ የቀረውን ጥንታዊ ዘር ስሙንና ጠባዩን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጠይቆ ማስጻፍ፤ ናሙናውንም የካ ወዳለው ቤት መላክ። ዘር መርጣ በጎታ የምታስቀምጠው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናትና፥ ባልዋን ብቻ ጠይቆ መመለስ አይበቃም። ሦስተኛ፥ በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ያለ ፈቃድ የአገር ዘር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስለሚከለክል፥ ዘር ሰብሳቢ ወደ ወረዳው በመጣ ጊዜ የፈቃዱን ወረቀት መመልከት።

በራብ ዘመን ገበሬ የመጨረሻውን ዘር ለልጆቹ ቈልቶ ቢያበላ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ዝናብ በተመለሰ ጊዜ የሚዘራውን ከየት ያመጣል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው አስቀድሞ የተከማቸ ዘር ነው። የጉርድ ሾላና የየካ ብርድ ቤቶች ሊጠብቁ የሚችሉት ወደ እነርሱ የደረሰውን ብቻ ነው። ሳይሰበሰብ ከማሳ የጠፋውን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ ያም ማሳ ያለው በሹሙ ግዛት ውስጥ ነው።